የተሽከርካሪ አየር ማስገቢያን መለወጥ፦ ድምፅ፣ ጉልበትና ሊወሰድ የሚገባ ጥንቃቄ

በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በማቃጠል ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህን አየር ከውጭ ተቀብሎ፣ አጣርቶና ድምፁን አለዝቦ ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው የአየር ማስገቢያ ክፍል ነው። አንዳንድ ባለንብረቶች የሞተሩን ድምፅ ለማጉላት ወይም ጉልበቱን ለመጨመር በማሰብ ይህን ክፍል ያስለውጣሉ። ለውጡ ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ በሞተሩ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሊያመዝን ስለሚችል፣ ከውሳኔ በፊት አሠራሩንና ውጤቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

የክፍሉ አሠራር

የአየር መቀበያው አፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ሙቀት ርቆ በተሽከርካሪው የፊት ክፍል ይገኛል። አየሩ ከዚያ ወደ ማጣሪያው ሣጥን ገብቶ በፊልትሮው ውስጥ ያልፋል፤ በብዙ ተሽከርካሪዎችም መጠኑ በሴንሰር ተለክቶ በቱቦ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በቱቦው ጎን አንዳንድ ጊዜ ባዶ ሣጥን ተያይዞ ይታያል። ይህ ሣጥን ጥቅም የሌለው ቢመስልም ድምፅን ለማፈን ታስቦ የተሠራ ነው።

ድምፅ የሚጨምረው ለምንድን ነው?

ፒስተኖች አየር ሲስቡና ቫልቮች ሲከፈቱና ሲዘጉ በቱቦው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይፈጠራል። የፋብሪካው ሣጥን ይህን ሞገድ ያፍነዋል። ሣጥኑ ተነሥቶ ክፍት ፊልትሮ ሲተካ፣ በተለይ ነዳጅ መስጫው በኃይል ሲረገጥ፣ ወፍራም ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ ቀድሞም የነበረና ታፍኖ የቆየ ነው። ስለዚህ የድምፁ መጉላት ጉልበት መጨመሩን አያረጋግጥም።

ጉልበት በእርግጥ ይጨምራልን?

የፋብሪካው አየር ማስገቢያ ያልተለወጠ ሞተር ለሚፈልገው አየር ባመዛኙ በቂ ነው። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ የሚገኘው ጭማሪ አነስተኛ ሲሆን፣ የሚታየውም ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ነው። በከተማ ውስጥ በሚደረግ የዘወትር ጉዞ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም።

ክፍት ፊልትሮ ያለ መከለያ በኮፈኑ ሥር ሲገጠም ደግሞ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። የአየር ሙቀት በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር እፍጋቱ በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በኮፈኑ ሥር ያለው አየር ከውጭው በ30 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ሞተሩ ከሚያገኘው አየር አንድ አሥረኛ የሚጠጋውን ያጣል ማለት ነው።

ከፍታም ግምት ውስጥ ሊገባ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በደጋ የሚደክመው በዋናነት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ፊልትሮ ወይም ቱቦ በመለወጥ ይህ ጉድለት አይሟላም። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሳል። በዳገት ላይ ከቀድሞው ይልቅ የደከመ ተሽከርካሪ ካለ፣ በቅድሚያ ሊመረመሩ የሚገባቸው የቆሸሸ ፊልትሮ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ የነዳጅ ማጣሪያና የሞተሩ ግፊት ናቸው።

አቧራ፦ ዋነኛው ስጋት

የመንገድ አቧራ ከብረት የሚጠነክሩ ደቃቅ የአሸዋ ቅንጣቶችን ይይዛል። እነዚህ ቅንጣቶች በደካማ ፊልትሮ ወይም በላላ መጋጠሚያ አልፈው ሲገቡ የፒስተኑን ፋሻና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይበላሉ። ሞተሩ ዘይት ማቃጠልና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ይጀምራል፤ ፍጻሜውም ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ጥገና ነው።

በዘይት የሚርስ የጥጥ ፊልትሮ በወቅቱ ካልታጠበ ሥራውን አይሠራም፤ ዘይት ከበዛበትም የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ያቆሽሻል። የወረቀት ፊልትሮ መታጠብ የለበትም። በኮምፕሬሰር በኃይል ሲነፋም ሊቀደድ ስለሚችል በአዲስ መተካት ይመረጣል።

ውኃና ስኖርክል

የአየር መቀበያውን አፍ ወደ ታች ማውረድ ሞተሩ በክረምት ጎርፍ ውኃ እንዲስብ ያደርጋል። ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ፒስተኑ ሲገፋው ቢየላው ሊጣመም ይችላል። በውኃ ውስጥ የጠፋ ሞተር ባለሙያ ሳያየው እንደገና መነሣት የለበትም።

ስኖርክል የመቀበያውን አፍ እስከ ተሽከርካሪው ጣሪያ ድረስ ከፍ ያደርጋል። በፒስታ መንገድና በገጠር ወንዝ ማቋረጫ ለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ጠቃሚ የሚሆነው መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሚገባ ሲታሸጉ ነው። ሆኖም የኤሌክትሪክ መስመሮችን፣ ካምቢዮንና ፍሬንን ከውኃ አይጠብቅም፤ ወደ ጎርፍ ለመግባትም ዋስትና አይሆንም።

ሕግና ዓመታዊ ምርመራ

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የድምፅ መጠን ወሰን እንዲወጣለት ይደነግጋል። በመሆኑም ማርሚታን በመክፈት ወይም ማፈኛን በማንሣት የሚፈጠር ከፍተኛ ድምፅ የባለንብረቱ የግል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ አይታይም። ሌሊት በመኖሪያ ሰፈር፣ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት አካባቢ የሚያስከትለው ሁከትም ግልጽ ነው።

ከመለወጥ በፊት ሊከናወኑ የሚገባቸው

1. ነባሩ ፊልትሮ፣ ቱቦና መጋጠሚያ በባለሙያ ይመርመር፤ የሚታየው ድካም በጥገና የሚፈታ ሊሆን ይችላል።
2. የታሰበው ለውጥ ፈቃድ የሚያስፈልገው ስለመሆኑ ተሽከርካሪው የተመዘገበበት ፈቃድ ሰጪ አካል አስቀድሞ ይጠየቅ። ለጥያቄው ሊብሬ ይዞ መቅረብ ይጠቅማል።
3. ለውጡ ዋስትናን ወይም የመድን ውልን ይነካ እንደሆነ ከሻጩና ከመድን ድርጅቱ ይረጋገጥ።
4. የሚገዛው ዕቃ ለተሽከርካሪው ሞዴልና ለሞተሩ ዓይነት የተሠራ መሆኑ ይታይ።
5. የሚነሡት የፋብሪካ ዕቃዎች ይቀመጡ፤ ምርመራው ካላለፈ መልሶ ለመግጠም ያስፈልጋሉ።
6. ከለውጡ በኋላ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ፣ ጭስ ከበዛ ወይም የነዳጅ ፍጆታ ከጨመረ ተሽከርካሪው ሳይዘገይ ይመርመር።

ሞተር ለረጅም ዘመን የሚያገለግለው ንጹሕ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሲያገኝ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱን የሚያጓድል ለውጥ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለባለንብረቱ ኪሳራ ነው።