የምሩቁ ዕዳ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት ተማሪውን የሚያስተምረው፣ የሚያበላውም የሚያሳድረውም መንግሥት ነበር። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጡም፣ ትምህርት ከቤተ መንግሥት የሚወርድ ስጦታ መስሎ ቀጠለ።

ስጦታው ውለታ ማስከተሉ ግን አልቀረም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ተደረገ። አብዛኛው በአስተማሪነት ተመደበ። መሬት የሌለውን ጭሰኛ በቅርብ አይቶ ተመለሰ፤ አገልግሎቱ በተጀመረበት ዓመት የካቲት ላይ «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር አደባባይ መውጣቱ የዘመኑን መንፈስ ይነግራል።

ደርግ ደግሞ ውለታውን በሌላ መልክ ጠየቀ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ከዚያ በኋላ ለተመረቀውም ሥራውንና ቦታውን የሚቆርጥለት መንግሥት ነበር። ትምህርቱ ነጻ፣ ምደባው ግዴታ።

ውለታው በገንዘብ የተጠየቀው በ1995 ዓ.ም. ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራትን ደነገገ። ሐሳቡ ከአውስትራሊያ የተቀዳ ነው፤ እዚያ ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ገቢ ሲያገኝ የሚከፍልበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ተጀምሯል። እኛ ዘንድ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሸፍን ተወሰነ። ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል።

ተማሪው ግን ነገሩን የሚያውቀው በደንቡ ቁጥር ሳይሆን «ኮስት ሼሪንግ» በሚለው ስሙ ነው። ገና ካምፓስ ሲገባ ፎቶው የተለጠፈበት የውል ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹ የእናቱን ስም ሳይቀር ይጠይቃል። በካፌ ይብላ ወይስ ነን ካፌ ሆኖ ብሩን ይቀበል፣ ዶርም ይደር አይደር፣ ሁሉም ተደምሮ በስሙ ይመዘገባል። የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ ፊርማውን ሲያኖር የሚያስበው ስለ ምዝገባ ሰልፉ እንጂ ከዓመታት በኋላ ስለሚቆረጥበት ደመወዝ አይደለም።

ወጪ መጋራት በራሱ ነውር የለበትም፤ ገበሬው በግብሩ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ እራትና መኝታ ሲከፍል ኖሯል። ችግሩ አሰባሰቡ ላይ ነው። ደመወዙ በፔሮል የሚያልፍ የወረዳ ባለሙያ በየወሩ ይቆረጥበታል፤ የራሱን ንግድ የከፈተው ግን በቀላሉ ያመልጣል። ሥራ አጡ ደግሞ ዕዳውን ይዞ ይቀመጣል። ሸክሙ የሚከብደው በጣም ባለው ላይ ሳይሆን በቀላሉ በሚገኘው ላይ ነው።

መምህር ሆኖ ለሚመደብ የተለየ በር ተከፍቷል፦ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት ይከፍላል። ከድሃ ቤት ለወጣ ምሩቅ ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም። ገጠር ወርዶ እያስተማረ ዕዳውን ያራግፍ፣ ወይስ ከተማ ቀርቶ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ከነተቆራጩ ቤተሰቡን ይርዳ?

ውጭ አገር የሚያስብ ምሩቅ ሒሳቡን የሚያገኘው ሌላ ቦታ ነው። በእጁ ያለው «ቴምፖ» የሚባለው ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ ነው፤ ኦሪጅናል ዲግሪውን ለማውጣት ወደ ሬጅስትራር ሲሄድ የወጪ መጋራት ክፍያውን ማስረጃ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ የዓመታቱን ዕዳ በአንድ ጊዜ መክፈል የግድ ይሆንበታል፤ ገንዘቡንም ብዙውን ጊዜ ከዘመድ ተበድሮ ያሟላል።