ከግድግዳ የተሰወረው አዛዥ

«ማብሪያ ማጥፊያ» የሚለው ስም የኤሌክትሪክን ጠባይ በሁለት ቃላት ይናገራል፤ መብራቱ ወይ በርቷል፣ ወይ ጠፍቷል። ፋኖስ ግን እንዲህ አልነበረም። በጎኑ ያለችውን መዘውር ላዞራት ሰው ክሩ ዝቅ ይልለታል፤ ብርሃኑም ለጨዋታ ወይም ለመኝታ እንደሚስማማ ይደበዝዛል። አምፖል ሲመጣ ጥቀርሻውና የላምባው ሽታ ቀረ፤ ያች በልክ የምትሆን ብርሃን ግን አብራ ከሳሎን ወጣች። ዛሬ «ስማርት» የሚባለው ቤት ታሪክ የሚጀምረው የጠፋችውን ልክ ከመፈለግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቴአትር ቤቶች ልኩን አላጡትም። በመጀመሪያ ጨው ውኃ በሞላበት ዕቃ ውስጥ ብረት ከፍና ዝቅ በማድረግ፣ ኋላም በትላልቅ ሬዚስታንሶች መድረኩን ያደበዝዙ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ከመብራቱ የቀነሱትን ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለውጡት በመኖሪያ ቤት ግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1959 ጆኤል ስፓይራ የተባለ ፊዚክስ ያጠና አሜሪካዊ በኒው ዮርክ በሚኖርበት አፓርትመንት ውስጥ ሲሞክር ቆይቶ፣ በዳዮድና በአውቶትራንስፎርመር የሚሠራ ማደብዘዣ ፈለሰፈ። በ1961 ከባለቤቱ ከሩት ጋር ሉትሮን የተሰኘውን ኩባንያ አቋቋመ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1962 አገኘ። የሥራው ትልቅነት በዕቃው ትንሽነት ላይ ነው። ማደብዘዣው በተለመደው የማብሪያ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ የቴአትሩ ጥበብ ልስን ሳይነካ ወደ ሳሎን ገባ።

ልስን አለመንካት ለአፓርትመንት ነዋሪ ትርፍ ምቾት አይደለም። ግድግዳው ወይ የአከራዩ ነው፣ ወይ የጎረቤቱም ነው። ስለዚህ አዲስ ሽቦ ሳይዘረጋ መብራትን ከሩቅ የማዘዝ ጥያቄ ተነሣ። ለዚህ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው መልስ ከስኮትላንድ መጣ። በ1975 በግሌንሮቴስ ከተማ ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ ኤክስ-10 የተባለውን ዘዴ ሠራ፤ ቁጥሩ የኩባንያው አሥረኛ ፕሮጀክት መሆኑን ያመለክታል። ዘዴው ትእዛዙን ቀድሞ በግድግዳው ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ይልካል። ተለዋዋጩ ኃይል በዜሮ በኩል በሚያልፍባት ቅጽበት፣ መስመሩ ጸጥ ሲል፣ በ120 ኪሎኸርዝ አጭር ምልክት ይለቀቃል። 16 የቤት መለያዎችና ለእያንዳንዱ 16 የዕቃ ቁጥሮች ስለነበሩት 256 አድራሻዎች ይወጡታል። ከ1978 ጀምሮም በአሜሪካ ሱቆች ተሸጠ።

ዳሩ ግን የመብራት መስመር በበር አይቆምም። በአንድ ትራንስፎርመር የሚገለገሉ ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት መለያ ከመረጡ፣ የአንደኛው ትእዛዝ የሌላውን መብራት ሊያጠፋ ይችል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች መልስ ስለማይሰጡም አዛዡ ትእዛዙ መድረሱን የሚያውቀው በዓይኑ ሲያይ ብቻ ነው።

ድምፅ ከብርሃን ይበልጥ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። በ1983 ሶናንስ በግድግዳ ውስጥ የሚገጠሙ ድምፅ ማጉያዎችን ለገበያ አቀረበ፤ ሳጥኑ ከዓይን ጠፍቶ ወንፊቱ ብቻ ቀረ። ለቪላ ድንቅ ነው። በጋራ ግድግዳ ላይ ግን የተቦረቦረው ቦታ ሙዚቃውን ለጎረቤት ያቀብላል፤ ተከራይም ሲለቅ ቀዳዳውን ይዞ አይሄድም። በ2005 ሶኖስ በየክፍሉ ያለ ረጅም ሽቦ የሚጫወቱ መሣሪያዎቹን ሲያወጣ ነው ነገሩ ለአፓርትመንት የቀለለው።

በ2012 የወጣው የፊሊፕስ ሂዩ አምፖል ደግሞ መቆጣጠሪያውን ከግድግዳ አውጥቶ አምፖሉ ውስጥ አስገባው። በማብሪያ ሳጥናቸው ኑትራል ሽቦ ለሌላቸው አሮጌ ቤቶች ይህ እፎይታ ነበር፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ማብሪያዎች ያለዚያ ሽቦ አይሠሩምና። የሚያስቀው ግን እንግዳ መጥቶ የድሮውን ማብሪያ ቢያጠፋው ብልሁ አምፖል ኃይል አጥቶ ትእዛዝ አይሰማም። የረቀቀ ቤት ያላቸው ሰዎች በማብሪያቸው ላይ ፕላስተር ሲለጥፉ የታዩት ለዚህ ነው።

በ2014 አማዞን ኤኮን ሲያቀርብ አዛዡ ጨርሶ ተሰወረ፤ ቁልፉ ቀርቶ ድምፅ በቂ ሆነ። ለዚህ ግን ማይክሮፎኑ ሁልጊዜ ጥሪ መጠበቅ አለበት፤ ትእዛዙም የሚተረጎመው በአብዛኛው ከቤቱ ውጭ፣ በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሪቮልቭ ደንበኞች ያውቁታል። ወደ 300 ዶላር ገደማ የተሸጠላቸው መብራትን ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የሚያገናኝ ሣጥን፣ አምራቹን በ2014 የገዛው ኔስት አገልግሎቱን በግንቦት 2016 ሲዘጋ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ሣጥኑ አልተሰበረም፤ ባለቤቱም አልነካውም። በ2022 ይፋ የሆነው ማተር የተሰኘው የጋራ ደንብ ትእዛዝ ከቤት ሳይወጣ ከዕቃ ወደ ዕቃ እንዲደርስ ያስችላል፤ ከዚያ በፊት የተገጠሙ ብዙ ዕቃዎች ግን ይህን ቋንቋ አይናገሩም።