ከፊላዴልፊያ እስከ ኦጎልቾ፤ የ1936ቱ የብር ሽልንግ

የጥንቱን የአሜሪካን የብር ገንዘብ አሟልቶ ለመሰብሰብ የሚደክም ሰው ዓይኑን የሚያቀናው በልማድ ወደ ባሕር ማዶ ነው። ይሁን እንጂ ብሩ ከአሜሪካን ግምጃ ቤት የወጣ፣ መልኩ በፊላዴልፊያ የተቀረጸና የታተመ፣ ዳሩ ግን ጽሕፈቱ በግእዝ ፊደል፣ ሥዕሉም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥትና የይሁዳ አንበሳ የሆነ አንድ የብር ገንዘብ አለ፤ ይኸውም አያቶቻችን ሽልንግ ይሉት የነበረው የ1936 ዓመተ ምሕረቱ ባለ 50 ሳንቲም ነው። ከአሰላ ከፍታ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድ በጭላሎ ተራራና በዝዋይ ሐይቅ መካከል በምትገኘው በኦጎልቾም ሆነ በሌላው የአርሲ ገበያ፣ እህልና ከብት ይገዛበት፣ ጥሎሽ ይቆጠርበት፣ በበዓል ቀን ሙዳየ ምጽዋት ይገባ የነበረው ይኸው ገንዘብ ነበር። ስለዚህ የኦጎልቾ ሰው የአሜሪካን ብር መሰብሰብ ቢያምረው ከገዛ አያቱ ሣጥን ቢጀምር አይሳሳትም።

አስቀድሞ ስለ አሜሪካኖቹ ስብስብ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በዚያ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ የሚፈለገው በቀራጩ በጆርጅ ሞርጋን ስም የሚጠራው የብር ዶላር ነው፤ እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1904፣ ኋላም በ1921 ታትሟል። ሰብሳቢው ሌላውን ሁሉ ካሟላ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የሚያንከራትተው በ1893 በሳን ፍራንሲስኮ የታተመው ነው፤ ቁጥሩ 100,000 ብቻ ነበርና። ከዚህም በላይ የፒትማን ሕግ በተባለው የ1918 ድንጋጌ ከ270 ሚሊዮን የሚበልጥ የብር ዶላር ወደ ማቅለጫ ገብቶ ስለ ጠፋ፣ የትኛው ዓመት ምን ያህል እንደ ተረፈ ከመዝገብ ሊታወቅ የማይችል ሆነ። በዚህ ምክንያት የአንድን ገንዘብ ብርቅነት የሚወስነው የታተመው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከእሳት ያመለጠው ጭምር ነው። ይህ ነገር ለእኛም ሽልንግ ሳይጎድል ሳይጨምር ይሠራል።

የአርሲ ደጋ ሰው፣ እንደ መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ፣ ገንዘብን የሚያምነው በክብደቱና በብሩ ጥራት ነበር። ማርትሬዛ ወይም ጠገራ የሚባለው የኦስትሪያ ብር፣ ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ ካረፈችበት ከ1780 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ዓመቱ ሳይለወጥ በየጊዜው ሲታተም የኖረ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝንና ከዚያም ውስጥ 23 ግራም ከግማሽ የሚጠጋ ንጹሕ ብር ያለው ገንዘብ ነው፤ ሻጩም ዝም ብሎ አይቀበለውም፤ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቍዎቹ እንዳልጠፉ አይቶ፣ አቃጭሎ ሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ ነበር የሚቀበለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓመተ ምሕረት የራሳቸውን ገንዘብ አስነግረው በፓሪስ ማሳተም ሲጀምሩ እንኳ ገበሬው ጠገራውን አልተወም። ኢጣልያኖችም በአምስቱ የጠላት ዘመን ሊሬያቸውን በግድ ሊያስለምዱ ሞክረው ስላልሆነላቸው፣ ያንኑ ጠገራ በሮማ እያሳተሙ ሲያመጡ ኖሩ። ከነጻነት በኋላ የተመለሰው መንግሥት የገጠመው ችግር እንግዲህ ይኸው ነበር፤ ወረቀት ለማያምን ሕዝብ ወረቀት ማስለመድ።

መፍትሔው ከወረቀቱ ጋር እውነተኛ የብር ገንዘብ ማውጣት ሲሆን፣ ብሩም የተገኘው ከዋሽንግተን ነው። በ1935 ይልማ ደሬሳ የመልእክተኞች አለቃ ሆነው ወደ አሜሪካን ተልከው ከተነጋገሩ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ 3 ቀን ኢትዮጵያና አሜሪካን የመረዳዳት ስምምነት ተፈራረሙ፤ በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካን ለወዳጆቿ መሣሪያና ዕቃ በምታቀርብበት በብድርና በኪራይ ሕግም ለኢትዮጵያ 5.4 ሚሊዮን አውንስ ያህል ብር ተፈቀደ። በዚሁ ሕግ ህንድ ብቻዋን 226 ሚሊዮን አውንስ መበደሯን ለሚያስብ ሰው የእኛ ድርሻ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚህ ጥቂት ብር 30 ሚሊዮን ሽልንግ ወጣ። ሒሳቡም ልክ ነው፤ እያንዳንዱ ሽልንግ 7.03 ግራም ይመዝናል፣ ከመቶው 80 እጁ ንጹሕ ብር ነው፣ ማለትም 5.62 ግራም፤ ይህ በ30 ሚሊዮን ሲባዛ 168 ሺህ ኪሎ ግራም ከምናምን፣ ማለት ያንኑ 5.4 ሚሊዮን አውንስ ይሆናል። ይህን ሒሳብ ራሴ በወረቀት ባባዛሁት ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ለአንባቢ ሳልናገር ማለፍ አልወድም፤ በአያቶቻችን መዳፍ የነበረው እያንዳንዱ ሽልንግ በዲፕሎማሲ መዝገብ ከተጻፈው ከዚያ ብር የተቆረሰ መሆኑ በግልጥ ይታያልና።

ብሩ እዚያው በፊላዴልፊያ ማተሚያ ቤት ታትሞ በመርከብ ተላከ። አዲሱ ገንዘብ የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል ነው፤ የወረቀቱ ብርም እዚያው አሜሪካን የታተመ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ የነበሩት አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ፈርመውበታል። የአዲሱ ብር ዋጋ በምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ ሁለት ሽልንግ ስለ ተደረገ፣ ግማሹ አንድ ሽልንግ ሆነ፤ ስሙም በዚያው ጸንቶ ቀረ።

አሁን አንዱን በእጅ ይዞ መመልከት ይገባል። ወርዱ 28 ሚሊ ሜትር ነው። በአንዱ ገጽ ግርማዊነታቸው ያለ ዘውድ፣ ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው ይታያሉ፤ ይህን መልክ የቀረጸው የአሜሪካን ማተሚያ ቤት ዋና ቀራጭ ጆን ሲኖክ ነው፤ ይህም ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የፕሬዝዳንት ሩዝቬልትን መልክ ባለ 10 ሳንቲሙ የአሜሪካን ገንዘብ ላይ የቀረጸው ነው። በሌላው ገጽ ዘውድ የጫነው አንበሳ መስቀል ያለበትን በትር ይዞ ይራመዳል፤ ዓመተ ምሕረቱም በግእዝ ቍጥር ፲፱፻፴፮ ተብሎ ተጽፏል። ብዙ እጅ የዳሰሰው ሽልንግ አስቀድሞ የሚደበዝዘው ከንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ በላይ ያለው ጠጉርና የአንበሳው ጋማ ነው፤ ሰብሳቢ ዋጋ የሚሰጠውም እነዚህን ሁለት ቦታዎች በአጉሊ መነጽር ከመረመረ በኋላ ነው። ያ ዓመተ ምሕረት ግን ሰውን ያታልላል፤ በኋላ የታተመውም ሁሉ ያንኑ 1936 ይዞ ነው የወጣው። በ1939 ገደማ ሽልንጉ እንደገና ሲታተም የብሩ ጥራት ከመቶው ከ80 ወደ 70 ዝቅ ብሏል፣ ዓመቱ ግን አልተለወጠም። እነዚህን የአንድ እናት ሁለት ልጆች በዓይን መለየት አይቻልም፤ ጥሩ ሚዛን ያለው ሰው ግን በአየርና በውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ ቢመዝናቸው፣ ብሩ የሚበዛበት ከብዶ ይገኛልና ይለያቸዋል።

ከሽልንጉ ጋር አብሮ መጥቶ ከስብስቡ ብርቅ ለመሆን የበቃ ሌላ ገንዘብ አለ። በመጀመሪያ የወጣው የመዳብ ስሙኒ ዙሪያው ክብ ነበር፤ ወርዱም ለሽልንግ ይቀርባል። ተንኮለኞች ይህን አይተው ስሙኒውን ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ማስኬድ ጀመሩ። ገበያ የሄደች እናት፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን ገንዘቧን ስትቆጥር፣ ሽልንግ ያለችው ገንዘብ ዋጋ ወደ ግማሽ መውረዱን የምታውቀው ቅቡ ሲላጥ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ መንግሥት ክቡን ስሙኒ ሰብስቦ ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል አስሸንቍጦ እንደገና አወጣው፤ ዕውር እንኳ በጣቱ ዳስሶ እንዲለየው ሆነ። ሳይሰበሰብ ያመለጠ ክብ ስሙኒ ብር ባይሆንም፣ የ1936ን ስብስብ አሟላሁ የሚል ሰው ያለ እርሱ ተሟልቶልኛል ሊል አይችልም።

ታዲያ 30 ሚሊዮን ሽልንግ ወዴት ሄደ? ሥርወ ነገሩ በጥቂት ቍጥር ይገለጣል። ሽልንጉ በታተመ ጊዜ የአሜሪካን ግምጃ ቤት ለአገሩ ማዕድን ባለቤቶች በአውንስ የሚከፍለው 71 የአሜሪካን ሳንቲም ያህል ነበር፤ በዚህ ዋጋ በአንዱ ሽልንግ ውስጥ ያለው ብር 13 የአሜሪካን ሳንቲም አይሞላም፤ ሽልንጉ ግን በሕግ 20 ሳንቲም ያህል ነበረ፤ ስለዚህ ማቅለጥ ኪሣራ ነው። በ1956 መግቢያ ግን የብር ዋጋ በዓለም ገበያ 1 ዶላር ከ29 ሳንቲም ደረሰ፤ ያን ጊዜ የቀደመው ሽልንግ ብሩ ብቻ 23 ሳንቲም ሆነ። ገንዘቡን ለገበያ ከማውጣት ይልቅ ለአንጥረኛ መስጠት አተረፈ። አሜሪካንም ራሷ የደረሰባት ይኸው ነበር፤ ፕሬዝዳንት ጆንሰን ከባለ 10ና ከባለ 25 ሳንቲሙ ገንዘብ ብርን ያወጣውን ሕግ የፈረሙት ሐምሌ 16 ቀን 1957፣ የእኛ ገንዘብ የወጣበት ሃያኛ ዓመት በዋለበት ዕለት ነው። በእኛ አገር ግን የብር ጌጥ ልማድ ከጥንት የኖረ ስለሆነ፣ ሽልንጉ ከእጅ ወደ አንጥረኛው ማቅለጫ፣ ከማቅለጫው ወደ ድሪና ወደ ጉትቻ፣ ወደ አንገት መስቀልም ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም። በአሰላ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ በ1960 ሥራውን በጀመረ ጊዜ፣ የአውራጃው ገበሬ ስንዴና ወተት እየሸጠ ገንዘብ በብዛት መያዝ በጀመረበት በዚያው ዘመን፣ ብሩ ከገንዘቡ እየሸሸ ነበር ማለት ነው። በ1969 ደርግ አዲስ ገንዘብ ባወጣ ጊዜም የቀድሞው ሽልንግ ከሕጋዊነቱ ወጥቶ የቅርስ ወገን ሆነ።

እንግዲህ በኦጎልቾ የሚኖር ሰው ስብስቡን ማሟላት ቢፈልግ ምን ምን ይሻል? አስቀድሞ ሁለቱን ሽልንግ፣ የ80ውንና የ70ውን። ከዚያም ክቡንና ጠርዘ አበባውን ስሙኒ፣ ከነባለ 10፣ ባለ 5ና ባለ 1 ሳንቲሞቹ። እነዚህ ያለ ቀዳሚያቸው ትርጉም ስለማይሰጡ፣ ጠገራውና የምኒልክ ብር ሊጨመሩ ይገባል፤ ከምኒልኩም ብር የ1887 እና የ1889ኙ አንበሳ የግራ እግሩን፣ ከዚያ በኋላ የታተመው ግን የቀኝ እግሩን ያነሣ መሆኑን ማየት አይዘነጋም። እኔ እንደማምነው ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከሽልንጉ አጠገብ የሚቀመጠው ትንሽ ወረቀት ነው፤ ከማን እጅ እንደ ተገኘ፣ በየት ገበያ እንደ ተገዛበት፣ ለሠርግ ነው ወይስ ለስዕለት የተቀመጠው፣ የሚለው። የሞርጋን ዶላር ሰብሳቢ ይህን አያገኝም፤ የእርሱ ገንዘብ አብዛኛውን ዘመን የተኛው በባንክ ከረጢት ውስጥ ነውና። የእኛ ሽልንግ ግን በሰው እጅ፣ በአንገትና በሙዳይ ኖሯል፤ በመሐሉ የተበሳው ሽልንግ እንኳ በገበያ ዋጋው ቢወርድም፣ የአንዲት ሴት ጌጥ ሆኖ መኖሩን የሚመሰክር ስለሆነ ከስብስቡ ሊወጣ አይገባም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። አሮጌ ብር ያገኘ ሰው በአመድና በሎሚ አይፈግፍገው፤ በላዩ ያለው ጥቁረት ብሩን የሸፈነው ዕድሜው እንጂ እድፍ አይደለም፤ ሲፋቅም የንጉሡ ጠጉርና የአንበሳው ጋማ አብሮ ይፋቃል። ሐሰተኛውን ለመለየት በማግኔት መጀመር ነው፤ የሚሳበው ብር አይደለም፤ ብር የተቀባ መዳብ ግን አይሳብምና ማግኔት ብቻውን አይበቃም፤ ከዚያ በኋላ 7 ግራም መሙላቱን በትንሽ ሚዛን መመዘን ነው። ለውጭ ሰው ለመሸጥም የሚቸኵል ቢኖር፣ በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል መሆኑን ያስታውስ።

በኦጎልቾ፣ በአሰላ፣ በሳጉሬና በሁሩታ ያላችሁ ቤተሰቦች ሆይ፣ ሽልንጉን ለአንጥረኛ ከመስጠታችሁ በፊት የሽማግሌውን ቃል በወረቀት ጻፉ፤ የአርሲ ዩኒቨርሲቲም አሰላ ላይ አንዲት የመስታወት ሣጥን ለይቶ ይህን ብር ከነታሪኩ የሚቀበል አንድ ሰው ቢመድብ፣ የተረፈው ጥቂት ሽልንግ ወደ ማቅለጫ ሳይገባ ይድናልና፣ ሥራው ዛሬ እንዲጀመር እጠይቃለሁ።