ቺጎንግ፤ ጥንታዊ ልምምድ በአዲስ ስም

ከሞያሌ ወደ ያቤሎ በሚወስደው መንገድ በዱብሉቅ ያለውን የቦረና ጥልቅ ጉድጓድ ያየ ሰው፣ ትንፋሽና እንቅስቃሴ ሲዋሐዱ የሚሰጡትን ብርታት ያስተውላል። ውሃ ቀጂዎቹ ከሥር እስከ አፋፍ ተደርድረው፣ ውሃውን እየተቀባበሉ በዜማ ያወጣሉ፤ ዜማውም የክንዳቸውንና የትንፋሻቸውን ልክ ይጠብቃል። የእነርሱ ዓላማ ከብት ማጠጣት ነው። በቻይና ግን ትንፋሽን ከእንቅስቃሴ ጋር ማዋሐድ ራሱን የቻለ የጤና ልምምድ ሆኗል፤ ዛሬ ቺጎንግ ይባላል። «ቺ» ትንፋሽ ወይም የሕይወት ኃይል፣ «ጎንግ» በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የልምምዱ ጥንታዊነት በማስረጃ የተረጋገጠ ነው። በ1973 በቻንግሻ ከተማ አጠገብ በማዋንግዱይ ከተቆፈረ መቃብር፣ 44 ሰዎች ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ የሚያሳይ የሐር ሥዕል ተገኝቷል። መቃብሩ የተዘጋው በ168 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ሐኪም ኋ ቱዎም የነብር፣ የአጋዘን፣ የድብ፣ የዝንጀሮና የወፍ እንቅስቃሴን የሚመስል ልምምድ እንዳስተማረ ይነገርለታል።

የዛሬው ስም የተለመደው ግን በ1949 ገደማ ነው። ሊዩ ጉይዠን የተባለ የኮሚኒስት ፓርቲ ሠራተኛ፣ በትውልድ አገሩ በተማረው ልምምድ ከጨጓራ ቁስለት መዳኑን ገልጦ ለሌሎች ማስተማር ጀመረ። ሐኪም በጠበበት አገር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሕክምና ተፈላጊ ስለነበረ፣ መንግሥት በ1950ዎቹ የቺጎንግ ማረፊያ ሕክምና ቤቶችን አቋቋመ። በ1966 የባህል አብዮት ሲነሣ ይኸው ልምምድ «አጉል እምነት» ተብሎ ተወገዘ። በ1980ዎቹ ተመልሶ መናፈሻዎችን ሞላ፤ ዳሩ ግን «በእጅ ሳልነካ እፈውሳለሁ» የሚሉ አስተማሪዎችም አብረው በዙ። መንግሥት ቁጥጥሩን ካጠበቀ በኋላ በ2003 አራት የልምምድ ዓይነቶችን መርጦ አወጣ፤ ከእነርሱም አንዱ ስምንት እንቅስቃሴ ያለው «ባዱዋንጂን» ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነው። እግርን በትከሻ ስፋት ከፍቶ፣ ጉልበትን ጥቂት አላልቶ መቆም፤ በአፍንጫ ቀስ ብሎ እየሳቡ እጅን እስከ ደረት ማንሣት፤ እያስወጡ መመለስ። ትንፋሽን አምቆ መያዝ አያስፈልግም፤ የሚያዞረው ሰው ወዲያው መቀመጥ አለበት።

ጥናቶች ልምምዱ የሰውነትን ሚዛን ለመጠበቅና መንፈስን ለማረጋጋት ሊረዳ እንደሚችል ያመለክታሉ፤ ብዙዎቹ ጥናቶች ግን ትናንሽ ናቸው። «ቺ» የተባለው ኃይልም በሳይንስ መሣሪያ ተለክቶ አልታየም። ስለዚህ መምህሩ ልምምዱን በክፍለ ጊዜዎች መካከል ለማፍታቻ ቢጠቀምበት መልካም ነው፤ የታመመ ተማሪ ግን መድኃኒቱን ትቶ በዚህ እድናለሁ እንዳይል ማስተማርም ግዴታው ነው። ከታሪኩ የምንቀስመው ትምህርት፣ ጥንታዊ ነገር ሁሉ በጥንታዊነቱ ብቻ እንደማይታመን፣ በጥንታዊነቱም ብቻ እንደማይጣል ነው።