«ቡት» የሚለው ቃል ሁለት ዘር

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ በምንመልስበት ጊዜ አብዝቶ የሚያሳስተን እንግዳው ቃል ሳይሆን እናውቀዋለን የምንለው ቃል ነው። «ቡት» የሚለውን እንውሰድ። የቦት ጫማ ስም የሆነው «ቡት» በመካከለኛው ዘመን ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው። ነገር ግን እንግሊዞች ስለ ሽያጭ ሲነጋገሩ በንግግራቸው መጨረሻ «ቱ ቡት» ቢሉ ጫማ የለበትም፤ የእኛ ገበያተኛ «ምራቂ» የሚለው ነው። ይኸኛው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደ ሲሆን ትርጉሙ ጥቅም፣ ፈውስና ካሳ ነበር፤ በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ በዳይ ለተበዳይ የሚከፍለው ካሳ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። «የተሻለ» ማለት የሆነው «ቤተር»ም የቅርብ ዘመዱ ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ፣ ኮርቻ ተመርቆበት የተሸጠውን ፈረስ «ከነኮርቻውና ከነቦት ጫማው ተሸጠ» ብለን ጽፈናል! አለቃችን አይተው ባያርሙት ኖሮ ገዢው ጫማውን በጠየቀ ነበር።

የጫማውም «ቡት» ቢሆን በጫማነቱ አልቀረም። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ መጠጥ በቦት ጫማ ቅልጥም ውስጥ ይሸሸግ ስለ ነበር፣ «ቡትሌግ» የኮንትሮባንድ መጠሪያ ሆነ። ኮምፒዩተር ሲነሣ «ቡት አደረገ» መባሉም ከዚያው ጫማ መሳቢያ ጥብጣብ የመጣ ነው፤ ሰው የገዛ ጫማውን ጥብጣብ ስቦ ራሱን እንደሚያነሣ ያህል፣ መሣሪያው በትንሽ ፕሮግራም ጀምሮ የቀረውን ራሱ ይጠራልና።