ዳስና ቬሎ፤ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሠርግ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ አባቶቻቸው አገር ተመልሰው በመንዝ፣ በግሼ ወይም በመርሐ ቤቴ ለመሞሸር ከሚያስቡት ወጣቶች መካከል፣ ድንኳኑን በለምለም ሜዳ ላይ አስተክለው፣ ወንበሩን በረድፍ አስደርድረው፣ በአበባ ባጌጠ ቅስት ሥር ቆመው፣ እንደ ምዕራባውያን ልማድ በደጅ ሊሞሸሩ የሚሹ አሉ። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ «የፈረንጅ ነገር ነው» ብለው ያዝናሉ፤ ወጣቶቹም በበኩላቸው አዲስ ሥልጣኔ ይዘው የመጡ ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው ሁለቱም ወገን ተሳስተዋል። በደጅ መሞሸር ለመንዝ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከምዕራብ መጣ የሚባለውም ሁሉ ከምዕራብ አልመጣም። በእነዚህ ደጋዎች ሠርግ ላይ በእውነት የታየው ታላቅ ለውጥ የሙሽራይቱ ፊት መገለጥና የሙሽራይቱ ቃል መሰማት ነው።

መንዝ ከጥንት ጀምሮ በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ነው። አገሩ ብርድ የጸናበት ደጋ ስለሆነ የባላገሩ ቤት ግድግዳው በድንጋይ፣ ክዳኑ በሣር ሆኖ ጠበብና ዝቅ ብሎ ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ቤት ለቤተ ሰቡና ለግልገሉ መጠጊያ ይሆናል እንጂ የሁለት አጥቢያ ሰው ሊያስተናግድ አይችልም። ስለዚህ ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ ከቤቱ ደጅ ዳስ ይጥላል። ጎረቤቱ ግንዱንና ባላውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ጐበዛዝቱ ያቆማሉ፤ ልጆች ቅጠሉን ያለብሳሉ፤ ሴቶች ከብዙ ቀን በፊት ብቅሉን አብቅለው፣ ጌሾውን ወቅጠው የገብሱን ጠላ ይጠምቃሉ። መሬቱም ሣር ይጎዘጎዝበታል። ዛሬ በገንዘብ የሚከራየው የሠርግ አዘጋጅ የሚሠራውን ሥራ ያን ጊዜ የሚሠራው አጥቢያው ነበር፤ ዋጋውም ነገ በሌላው ዳስ ተገኝቶ ማገዝ ነበር።

ጊዜውንም የሚወስነው የባለ ሠርጉ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ጥር 11 ቀን ጥምቀት፣ ጥር 12 ቀን ደግሞ ቃና ዘገሊላ ይከበራል፤ ጌታችን የመጀመሪያውን ተአምር በሠርግ ቤት ያደረገበት መታሰቢያ ከዋለ በኋላ የሠርጉ ወራት ይሞቃል። መጨረሻውን የሚቈርጠው ባሕረ ሐሳብ ነው። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21፣ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚገቡ፣ ጾሙ በሚቀድምበት ዓመት ባለ ሠርግ ይጣደፋል፤ በሚዘገይበት ዓመት ይዝናናል። የምድሩም ጠባይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀመር ጋራ ይስማማል። በጥር እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ጀማና ወንጪትም ጐድለው ለተሻጋሪ ይመቻሉ። መርሐ ቤቴን በመሰለ፣ ገደልና ወንዝ በከበበው አገር፣ በክረምት ሙሽራ አስከትሎ መሻገር የማይታሰብ ነበር።

ሙሽራይቱ ከሩቅ የምትመጣበትም ምክንያት አለ። በአማራው ልማድ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ያላቸው አይጋቡም። ርስቱን በአያት ቅድመ አያት ቈጥሮ በሚካፈል አገር ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ምክንያት አባት ለልጁ ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌዎቹን ከአጥቢያው ወዲያ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሸለቆው ማዶ ይልክ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደጅ ጠንተው እሺታ ካገኙ በኋላ ልጅቱ ትታጫለች፤ ጥሎሹ ይቈረጣል፤ ከሁለቱ ወላጆች ለጎጆ መውጫ የሚሰጠው ከብትና እህል በዋስና በምስክር ይወሰናል። በሠርጉ ቀን ሙሽራው ከሚዜዎቹና ከአጃቢዎቹ ጋራ ሆኖ ይመጣል፤ በልቶ ጠጥቶ ሙሽራይቱን በበቅሎ ይዞ ይመለሳል። ከዚያም በኋላ መልሱና ቅልቅሉ ሁለቱን ወገን ያስተዋውቃል።

ለአዲሶቹ ተጋቢዎች ከሚቀለሰው ጎጆ ጋራ የተያያዘ አንድ የመንዝ ሥርዓት አለ። በጌራ ምድር ያለው ጓሳ፣ ስፋቱ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚደርስ ደጋ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ጽኑ ሣር ያበቅላል። አባቶች ይህን ሣር ቀሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀው ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ በበጋ ሲከፈት አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከብቱም ከዚያ በኋላ ይገባል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢፈርስም፣ ጓሳን በኅብረት የመጠበቅ ልማድ በሌላ መልክ ቀጥሏል። እንግዲህ የሙሽሮቹ ጎጆ ክዳን ራሱ አገሬው በአንድነት የጠበቀው ሀብት ነበር ማለት ነው። የመንዝ ሠርግ ከዳሱ ምሰሶ እስከ ጎጆው ጉልላት ድረስ የብዙ ሰው እጅ ነበረበት።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ማመስገን ብቻ ታሪክን መጻፍ አይሆንም። በዚያ ሁሉ እጅ በበዛበት ሠርግ ቃሏ የማይሰማ አንዲት ሰው ነበረች፤ እርሷም ሙሽራይቱ ናት። ብዙውን ጊዜ ገና በልጅነቷ ትዳራለች፤ ባሏን ከሠርጉ ቀን በፊት አታውቀውም፤ ሽማግሌ የሚለምነው አባቷን እንጂ እርሷን አይደለም። በሠርጉ ዕለት ከራስ እስከ እግሯ በሸማ ተሸፍና፣ በሚዜ ጀርባ ታዝላ ወይም በበቅሎ ተቀምጣ ትሄዳለች። ታልቅስ ትሣቅ፣ ትውደድ ትጥላ፣ ፊቷ ስለተሸፈነ የሚያይላት የለም። ዳሱ ለእንግዳው ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ የበዓሉ እመቤት በጨለማ ነበረች።

ይህ ግን የቤተ ክርስቲያን ሕግ አልነበረም። ፍትሐ ነገሥት ስለ መተጫጨትና ስለ ጋብቻ በሚናገርበት በ24ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ፈቃድ እንደሚጸና ያስተምራል። መጽሐፉ በካህናትና በዳኞች እጅ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነበብ ኖሯል፤ ልማዱ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ በረታ። ከዚህም የተነሣ ካህናት ራሳቸው በቁርባን ሲጋቡ፣ አብዛኛው ሕዝብ በሽማግሌና በዋስ ፊት በሚደረገው በሰማንያ ጋብቻ ይኖር ነበር። የቁርባን ጋብቻ የማይፈታ ስለሆነ ያልተመካከሩና ያልተዋወቁ ሰዎች ቢፈሩት አያስደንቅም። ፈቃድ በሌለበት ቃል ኪዳን ላይ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ማን ይደፍራል?

በዚሁ በሸዋ ምድር የታየ ታላቅ ምሳሌ አለ። ከመንዝ አጋንቻ የተነሣው የነጋሢ ክርስቶስ ወረደ ቃል ዘር የሆኑት ንጉሥ ምኒልክ፣ በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ሰሞን፣ ከመንዝ በስተደቡብ በምትገኘው በአንኮበር፣ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ጋራ በቁርባን ተጋቡ። ሁለቱም ቀድሞ ትዳር ያዩ፣ የሚያደርጉትን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ያም ጋብቻ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ሠላሳ ዓመት ጸና። የጋብቻውን ጽናት የሚያደርገው የድግሱ ብዛት ሳይሆን የሁለቱ ፈቃድና የመሐላው ክብር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ደግሞ ከምዕራብ መጣ ወደሚባለው ነገር እንመለስ። ነጭ የሙሽራ ቀሚስ በአውሮፓም ቢሆን የጥንት ሥርዓት አይደለም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በየካቲት 1832 ዓ.ም. ስታገባ ነጭ ለብሳ ስለታየች ነው ነጩ ቀሚስ በየአገሩ እየተስፋፋ የሄደው። በሠርግ ላይ የሚሰማው የሜንደልሶን ሙዚቃም ዝናው የበረታው የንግሥቲቱ ልጅ በጥር 1850 ዓ.ም. ስትዳር ከተሰማ በኋላ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ካገባች ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 1834 ዓ.ም.፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሀሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋራ ውል ተዋዋለ። በዚያ ዘመን የሸዋ ሰው ነጭ ሸማ መልበስን ከማንም የሚማር አልነበረም።

ቀለበቱም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለደናግል ጋብቻ በምታነበው በመጽሐፈ ተክሊል ቀለበቱም፣ መጎናጸፊያውም፣ አክሊሉም፣ ቅብዐቱም በጸሎት ይባረካሉ። የዛሬ ሙሽሮች ከውጭ አገር ሥዕል አይተው የወደዱትን ቀለበት አባቶቻቸው በግእዝ ጸሎት ሲባርኩት ኖረዋል። በሕዝቡ ዘንድ እንግዳ የመሰለው የተክሊል ጋብቻ ስላነሰ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ቬሎ የሚባለው ቃል ነው። ቬሎ በጣሊያንኛ ዓይነ ርግብ ማለት ነው፤ የሙሽራ ፊት የሚሸፍን ስስ ጨርቅ ነው። በከተሞቻችን ግን ስሙ ተዘርግቶ የነጩ ቀሚስ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ የመንዝ ሙሽራ ጣሊያን የሚለውን ስም ሳትሰማ ፊቷን የሚሸፍን ሸማ ነበራት፤ መሸፈኛ የሚል ስም ያለው ልብስ በመጣ ጊዜ ግን ፊቷ ተገለጠ። የዛሬዋ ሙሽራ በቬሎ ሆና ቀና ብላ ትሄዳለች፤ ፎቶግራፍ ትነሣለች፤ እንግዶቿን በዓይኗ ታያለች። ከአዲሱ ሠርግ ውስጥ ሊመሰገን የሚገባው ይህ ነው።

ሕጉም ቀስ በቀስ ወደዚሁ መጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንዱን 18 ዓመት አድርጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲፈጸም ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ፣ ለሴትም ለወንድም ዕድሜውን 18 ዓመት አደረጉት። ፍትሐ ነገሥት ስለ ፈቃድ ያስተማረው ትምህርት ከብዙ ዘመን በኋላ በመንግሥት ሕግ ጸና።

ስለዚህ በሜዳ ላይ ሊሞሸሩ የሚያስቡ ወጣቶች ሊነቀፉ አይገባም፤ ሊመከሩ ግን ይገባል። በመጀመሪያ፣ ቀኑን ከአዳራሽና ከፎቶግራፍ አንሺ ጋራ ከመዋዋል በፊት ከባሕረ ሐሳብ ጋራ ያስማሙት። ሁለተኛም፣ የደጋውን ጠባይ ይወቁ፤ በጥር ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት አገር ስለሆነ ትከሻን ገልጦ የሚተው ቀሚስ ብቻውን አይበቃም፤ የመንዝ ሴቶች የፈተሉት የበግ ጠጕር ባና ለእንግዳውም ለሙሽራውም ክብር ነው እንጂ ነውር አይደለም። ሦስተኛም፣ ዳሱን ሁሉ በገንዘብ አይግዙት። በከተማ እድሩ ድንኳኑንና ዕቃውን እንደሚያቀርብ፣ በገጠርም ጎረቤቱ ባላውን ሊያቆም ይወዳል። ጎረቤትን ከሥራው አስወግዶ በተበደሩት ብር ሜዳን ማስጌጥ፣ ድንኳኑ በማግስቱ ተነቅሎ ከሄደ በኋላ ዕዳውን ከአዲሱ ጎጆ ውስጥ ያስቀራል።

ለካህናት ደግሞ የቀረ ሥራ አለ። የንስሐ አባት በዳሱ ተገኝቶ ማዕዱን መባረኩ መልካም ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ዳሱ ከመጣሉ በፊት፣ አባትም እናትም ሽማግሌም በሌሉበት፣ ልጅቱን ለብቻዋ «ልጄ፣ ፈቅደሽ ነውን?» ብሎ መጠየቁ ነው። መልሷ እሺ ከሆነ ሠርጉ በጠባብ ቤትም ቢሆን፣ በቅጠል ዳስም ቢሆን፣ በሜዳ ላይ ድንኳንም ቢሆን ያምራል። መልሷ እንቢ ከሆነ ግን ብቅሉ በቅሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ በጉም ታስሮ ቢሆን እንኳ፣ ካህኑ የሽማግሌዎቹን ቅያሜ ሳይፈራ ዳሱ እንዳይጣል መናገር አለበት።