ወደ ጣና የሚገባው ምንድን ነው? የአራቱ ወንዞች ልኬት ታሪክ

የጣና ልኬት ታሪክ ባመዛኙ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ፈሰስ የሚያቆም ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ቃል ገቡ። በ1913 ዓ.ም. ግድም ግራብሃምና ብላክ ሐይቁን ሲመረምሩ፣ ዋና ጥያቄያቸው ምን ያህል ውሃ ይጠራቀማል የሚል ነበር። በ1988 ዓ.ም. ጨረጨራ ላይ በር ሲሠራም የታሰበው ለጢስ ዓባይ ተርባይኖች ነው።

የሚገባውስ? በወንዝ ከሚገባው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጣሉ ተብሎ ይገመታል። በ1950ዎቹ የዓባይ ተፋሰስ በአሜሪካኖች እገዛ ሲጠና የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ፤ የአካባቢው ሰው የውሃውን ከፍታ እያነበበ ይመዘግብ ጀመር። ከፍታ ግን ውሃው ውስጥ ያለውን አይናገርም።

በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ሲታይ ጥያቄው አስቸኳይ ሆነ። አረሙ የሚመገበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከየት ይመጣል? ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ሊትር 1 ሚሊግራም ፎስፈረስ የያዘ ወንዝ በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ቢፈስ፣ በቀን 86 ኪሎ ግድም ያስገባል። አስቸጋሪው ናሙናው ነው። ፎስፈረስ በአብዛኛው አፈር ላይ ተጣብቆ ይጓዛል፤ አፈሩ የሚታጠበው ደግሞ ማሳው ለጤፍ ታርሶ ገና ሳይሸፈን በሚወርደው የሐምሌ ጎርፍ ነው። በጥር የተቀዳ ጠርሙስ ስለዚህ ጎርፍ ምንም አይነግረንም። በወር አንድ ጊዜ የሚቀዳም ዋናዎቹን ቀኖች ሊያመልጣቸው ይችላል።

ሌላም አለ። የጉማራና የርብ ጣቢያዎች ያሉት ከፎገራ ሜዳ በላይ ነው። ወንዞቹ ከዚያ በታች ሞልተው ሲፈሱ ከጉና ያወረዱትን ደለል ከፊሉን ሜዳው ላይ ይተዋሉ፤ የፎገራ ሩዝም ከዚሁ ይጠቀማል። ስለዚህ ድልድዩ ጋ የተለካው ሁሉ ሐይቅ ገባ ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ከጣቢያዎቹ በታች ያለውን ማሳ ዳፕና ዩሪያ ማንም አይለካውም።

ውድ አባላት፣ በየአገሩ ያለን ብዙዎቻችን ለማረሚያ ማሽን አዋጥተናል። አልቆጭበትም። ነገር ግን ማሽኑ አረሙን እንጂ ቀለቡን አያወጣም፤ አረሙም ተነቅሎ ዳርቻው ላይ ከተተወ በስብሶ የያዘውን መልሶ ለውሃው ይሰጣል። መገጭ የጎንደር ከተማ ፍሳሽ ይደርሰዋል፤ ጉማራ የገደላ ገደሉን አፈር ያወርዳል። ለአንዱ የፍሳሽ ማጣሪያ፣ ለሌላው እርከንና የዛፍ ችግኝ ያስፈልጋል። ገንዘባችንን የቱ ላይ እናውል የሚለው የሚወሰነው የትኛው ወንዝ ምን ያህል እንደሚያስገባ ሲታወቅ ነው። ለዚህም በየድልድዩ ከሰኔ እስከ መስከረም በየቀኑ፣ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ በየሰዓቱ፣ ውሃ የሚቀዳ አንድ የአካባቢው ልጅ፣ ጠርሙሶችና የላቦራቶሪ ክፍያ ይበቃሉ።